አባ ሐንስ፤ የአንዲት ወፍ ስም ታሪክ

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሲነበብ የሰማ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፥ በዚያ ምዕራፍ የማይበሉት ወፎች በየስማቸው ተቈጥረዋል። ንስር ሲባል ሰሚው ያውቃል፤ ሰጎንና ጉጉት ሲባልም ያውቃል። ነገር ግን እርኩም፥ ይብራ፥ ሳቢሳ እየተባለ ንባቡ ሲቀጥል የከተማው ሰው ልቡ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስሙን በጆሮው ይሰማዋል እንጂ ወፉን በዓይነ ሕሊናው ማየት አይችልም። ችግሩም የእኛ ብቻ አይደለም። ኦሪትን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ የመለሱት ሊቃውንት በግብፅ ምድር ተቀምጠው የሚተረጕሙ ነበሩና፥ በዚያው ምዕራፍ በ17ኛው ቍጥር ኢቢስ የሚባለውን የግብፅ ወፍ ስም አገቡ። ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ እንግሊዝኛ የተረጐሙት ግን በዚያው ስፍራ ታላቅ ጉጉት የሚል አኖሩ። ሕጉ አንድ ሲሆን ወፉ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ከሁለቱ በአንዱ የሚመራ ሰው ሌላውን ወፍ ቢበላ በደለ ወይስ አልበደለም? ጥያቄው የቀልድ ይመስላል እንጂ የስም ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል።

እኛም ዛሬ ለመናገር ያሰብነው ወፎች በሕዝብ አፍ ስም የሚያገኙት እንዴት እንደ ሆነ፥ ይልቁንም ይህችው ኢቢስ የተባለችው ወፍ በአገራችን ይዛው ስለ ተገኘችው ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ሕዝብ ለወፍ ስም የሚያወጣው በጉባኤ ተቀምጦ አይደለም። አንዳንዱን ወፍ ድምፁ ራሱ ስም ይሰጠዋል። ቁራና ቆቅ ራሳቸውን በራሳቸው የሚጠሩ ይመስላሉ። ጕትያ ያላትን ያችን ባለ ረጅም አፍ ወፍ ዐረቦች ሁድሁድ፥ ሮማውያን ኡፑፓ፥ ጽርኦች ኤፖፕስ ብለዋታል፤ ሦስቱ ቋንቋዎች የማይዛመዱ ሲመስሉ ጆሮአቸው ግን አንድ ነገር ሰምቷል። ሌላውን ወፍ ሥራው ይሰይመዋል፤ ግንደ ቆርቁርና ጥንብ አንሣ ትርጓሜ አያሻቸውም። ሌላውንም መልኩ። በአንገቱ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለውን ራሰ በራ ታላቅ አሞራ በሐይቅ ዳር የሚኖሩ ወገኖቻችን አባ ኮዳ ይሉታል፤ ያ ከረጢት የመንገደኛ የውሃ ኮዳ መስሎ ስለ ታያቸው ነው። ይህንኑ ወፍ ፈረንጆች ማራቡ ይሉታል። ማራቡም በሙስሊሞች ዘንድ ባሕታዊ ማለት ከሆነ ከዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። አንገቱን ሰብሮ ብቻውን ቆሞ ሲታይ በእውነትም ዓለምን የናቀ ሰው ይመስላል፤ ከቄራ አጠገብ ምን እንደሚጠብቅ ያየ ሰው ግን በስሙ ፈገግ ይላል።

ካህናትም ለወፎች ስም ሳያውቁት አበድረዋል። በአሜሪካ የሚገኘውን ቀይ ወፍ ከሮማ ካርዲናሎች ቀይ ልብስ የተነሣ ካርዲናል ብለው ጠሩት፤ በእኛም አገር የሚገኙትን ቀይና ጥቁር የለበሱ ትንንሽ ወፎች እንግሊዞች ኤጲስ ቆጶስ ይሏቸዋል። እኛ ደግሞ እንዲህ ያሉትን በክረምት መውጫ ላባቸው አምሮ የሚታዩትን ወፎች በልብሳቸው ሳይሆን በበዓላችን ጠርተን የመስቀል ወፍ አልናቸው። ወንዱ በበጋ ጊዜ ከሴቲቱ ሳይለይ እንደ ድንቢጥ ደብዛዛ ሆኖ ይኖራል፤ ዝናብ ሲገባ ላባውን ለውጦ ደምቆ ይወጣል። ሰውም በመስከረም ሲያየው ከሩቅ አገር የመጣ ይመስለዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚለውን ወዳጅ የመስቀል ወፍ ሆንህብን ብለን የምንወቅሰው በዚህ ምክንያት ነው። ወፉ ግን ዓመቱን ሙሉ በአጥራችን ላይ ነበረ፤ እኛ አላወቅነውም እንጂ።

አገርን በስም ውስጥ ማግባት ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ከሜክሲኮ የወጣውን ታላቅ ዶሮ መሰል ወፍ እንግሊዞች በቱርክ አገር ስም ጠሩት፤ ቱርኮች ደግሞ የሕንድ ነው አሉ፤ ፈረንሳዮችም እንደ ቱርኮቹ ከሕንድ አመጡት፤ ፖርቱጋሎች ፔሩ አሉት፤ በሶርያና በሊባኖስ ያሉ ዐረቦች ደግሞ ሐበሽ ብለው በእኛ ላይ ጣሉት። አንዱም አገሩን አላገኘለትም።

እንግዲህ ወደ ኢቢስ እንመለስ። ይህች ወፍ አካሏ ነጭ ነው፤ ራሷና አንገቷ ላባ የሌለው ጥቁር ነው፤ አፏም ረጅም ሆኖ እንደ ማጭድ ወደ ታች የጐበጠ ነው። የክንፏ ጫፍ ይጠቍራል፤ በጅራቷም ላይ ጥቁር ላባ እንደ ዘርፍ ይወርዳል። የጥንት ግብፃውያን የጽሕፈትና የጥበብ አምላክ ብለው የሚያመልኩትን ቶትን በዚህች ወፍ ራስ ይሥሉት ነበር። ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው ኢቢስን ሳያውቅ እንኳ የገደለ ሰው በሞት ይቀጣ ነበር። ከዐረብ ምድር የሚመጡትን ክንፍ ያላቸው እባቦች በመንገድ ጠብቃ ትገድላለች ይሏት ነበርና። ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን እያልን ከምንጠራው መጽሐፍ ሌላ፥ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ በጥንተ ታሪክ መጽሐፉ ይህንኑ ወሬ ከሙሴ ጋራ አያይዞ ያመጣዋል። ሙሴ የግብፅን ሠራዊት እየመራ ኢትዮጵያን ሊወጋ በሄደ ጊዜ፥ እባብ በሞላበት ምድረ በዳ ለማለፍ ኢቢሶችን ከደንገል በተሠራ ቅርጫት አስይዞ ሄደ ይላል። ታሪኩ በኦሪት የለም፤ ስለ ወፊቱ የነበረውን እምነት ስለሚያሳይ ብቻ አነሣነው።

ግብፃውያን ይህችን ወፍ ስትሞት ሽቱ ቀብተው በበፍታ ገንዘው በሸክላ ማድጋ ይቀብሯት ነበር። በሳቃራና በቱና ኤል ጀበል ከመሬት በታች ባሉት ዋሻዎች በሚሊዮን የሚቈጠሩ ተገኝተዋል። እንዲህ ሆና የተከበረች ወፍ ስሟ የሚጠፋባት አይመስልም ነበር። ነገር ግን የቶት አምልኮ ሲቀር፥ ስሟን በቤተ መቅደስ የሚጠራ ሲያልቅ፥ ኢቢስ የሚለው ቃል በመጽሐፍ ላይ ብቻ ቀረ። ግብፃዊው ገበሬም ቋንቋው ወደ ዐረብኛ ስለ ተለወጠ በአፏ ቅርፅ አቡ መንጀል ብሎ ጠራት፤ ባለ ማጭዷ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሊቃውንቱ ስሕተት ይጀምራል። የአውሮፓ ሊቃውንት ሄሮዶቱስን አንብበው ኢቢስ የቱ ነው ብለው ሲፈልጉ፥ ወፉን የሚያውቀውን ገበሬ አልጠየቁም። ለፍጥረት ሁሉ የላቲን ስም የሰጠው የስዊድኑ ሊኔዎስ በ1758 ከብት ተከትላ አንበጣና ዝንብ የምትለቅመውን፥ ሁላችንም በየሜዳው የምናያትን ነጭ ወፍ ኢቢስ አላት። በ1766 ደግሞ አፏ ቢጫ የሆነውን፥ ከሽመላ ወገን የሆነችውን ሌላ ወፍ ኢቢስ ብሎ ጻፈ። የፈረንሳዩ ቡፎንም የግብፅ ኢቢስ ይህች ሁለተኛይቱ ናት ብሎ ያምን ነበር። ሁለት ወፎች የሌላይቱን ስም ለበሱ፤ ባለቤቲቱ ግን ያለ ስም ቀረች።

በዚያ ዘመን የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ ወደ አገራችን መጣ። በ1769 ምጽዋ ደርሶ፥ በ1770 ጐንደር ገብቶ፥ በ1771 መጨረሻ እስኪወጣ ድረስ ስለ ነገሥታቱና ስለ ዓባይ ብቻ ሳይሆን ስለ ዛፉም፥ ስለ አውሬውም፥ ስለ ወፉም ይጽፍ ነበር። መጽሐፉን በ1790 በአምስት ክፍል ሲያሳትም፥ አንድ ነጭ ወፍ በሥዕል አውጥቶ የሰማውን ስም አቡ ሐንስ ብሎ ጻፈ፤ ትርጓሜውም አባ ዮሐንስ ማለት እንደ ሆነ ተናገረ። አቡ ያለው ዐረብኛ ለምዶ ስለ መጣ ይመስለናል፤ የእኛ ጆሮ አባ ሐንስ ብሎ ይሰማዋል። ስሙም የተሰጠበትን ምክንያት ሲያስረዳ፥ ወፊቱ የምትታየው በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ገደማ፥ አዲሱ የዝናብ ውሃ ወደ ዓባይ በሚገባበት ወራት ስለ ሆነ ነው አለ።

ካህናት አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ሳይጠይቁ አያልፉም፤ የትኛው ዮሐንስ? መስከረም 1 ቀን ዘመን ሲለወጥ የምናከብረው ነው ወይስ ሌላ? ብሩስ ነገሩን ከዝናብ መጀመሪያ ጋራ ማያያዙን ያየ ሰው ለዚህ መልስ አያጣም። በሰኔ 30 ቀን የመጥምቁ ልደት ይከበራል። ያን ጊዜ ክረምቱ ገብቷል፤ ሜዳው ረግረግ ሆኗል፤ ይህችም ወፍ ዝናብን ጠብቃ የምትዋለድ፥ በጭቃ ውስጥ ትልና ቀንድ አውጣ የምትለቅም ስለ ሆነች በዚያ ወራት መብዛቷ የተገባ ነው። ስለዚህ ስሙን ያወጣው ሰው ሁለት ነገር ያውቅ ነበር፤ ወፊቱን ያውቃል፥ የበዓላቱንም ቀን ያውቃል። በአንዲት ቃል ውስጥ የወፊቱን ወራት ጽፎ አስቀመጠ። (ወፊቱን በሴት አንቀጽ እየጠራን አባ ማለታችን ለሰዋስው መምህር ይከብደው ይሆናል፤ ገበሬው ግን በዚህ አልተጨነቀም።)

ብሩስ ይህችን ወፍ በግብፅ ሐውልቶች ላይ ከተሣለችው ጋራ አስተያይቶ፥ የጥንቱ ኢቢስ ማለት አባ ሐንስ ናት ብሎ ቈረጠ። በዚያ ዘመን ግን ቃሉን የሚቀበለው ጥቂት ነበረ። ወደ ለንደን ከተመለሰ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውን ብዙ ሰዎች እንደ ተረት ቈጥረው ይሥቁበት ነበርና፥ የሊኔዎስንና የቡፎንን ቃል ትተው በሐሰተኛነት የተጠረጠረውን መንገደኛ የሚሰሙበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ነገሩን የፈረዱት ሙታኑ ወፎች ናቸው። ናፖሊዮን በ1798 ወደ ግብፅ በዘመተ ጊዜ ከሠራዊቱ ጋራ ብዙ ሊቃውንት ሄደው ነበር፤ ከእነርሱም ወገን የተገነዙ ኢቢሶች ወደ ፓሪስ መጡ። በአጥንት ዕውቀት ስሙ የገነነው ኩቪዬ የበፍታውን ግንዘት ፈትቶ አጥንቱን አንድ በአንድ ለካ። ባለ ቢጫ አፍዋ ወፍ አልሆነችም፤ አጥንቷ እጅግ ይበልጣልና። ከብት ተከታይቱም አልሆነችም። አጥንቱም፥ በግንዘቱ ውስጥ የቀረው ላባም የሚስማማው ብሩስ አባ ሐንስ ብሎ ከጻፋት ወፍ ጋራ ሆነ። ኩቪዬም ይህን በጽሑፍ አውጥቶ ብሩስ እውነተኛይቱን ኢቢስ እንዳወቀ መሰከረለት። በ1805 ደግሞ በግብፅ የቈየው ሳቪኚ ስለ ኢቢስ ብቻ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ክርክር ቀረ። ኩቪዬ በአንዱ ግንዘት ውስጥ የእባብ ቅርፊት አግኝቶ የሄሮዶቱስ ወሬ መሠረት አለው ሲል፥ ሳቪኚ የወፎቹን ሆድ ከፍቶ ያገኘው የቀንድ አውጣ ቅርፊት ብቻ ነው አለ። ቀንድ አውጣው ከዝናቡና ከጭቃው ጋራ፥ ስለዚህም ከአባ ሐንስ ስም ጋራ ይበልጥ እንደሚስማማ አንባቢ ራሱ ያያል።

አሁን ደግሞ የስሙን ዕጣ እንመልከት። ወፊቱ ከታወቀች በኋላ ኢቢስ የሚለው ስም ከሁለቱ ወፎች ተወስዶ ለባለቤቲቱ የሚመለስ ይመስላል። አልተመለሰም። በሊቃውንት ሥርዓት አስቀድሞ የታተመ የላቲን ስም፥ ስሕተት እንኳ ቢሆን፥ ቀዳሚነቱ ይጠበቅለታልና፥ ከብት ተከታይቱም ባለ ቢጫ አፍዋም እስከ ዛሬ በላቲን ስማቸው ኢቢስ እንደ ተባሉ ናቸው። እንግሊዛዊው ላታም ግን ብሩስ መጽሐፉን ባሳተመበት በዚያው በ1790 ለነጭዋ ወፍ ኤቲዮፒኩስ፥ ማለት ኢትዮጵያዊት፥ የሚል ስም ሰጣት። ግብፅ ያመለከቻት ወፍ ኢትዮጵያዊት ተብላ ቀረች። ይህ ስም በእኛ ዘንድ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፥ ወራቷን የሚናገረው አባ ሐንስ የሚለው ግን በወፎች መጻሕፍት ውስጥ እንደ መንገደኛ ወሬ ከኅዳግ አልፎ አልተጻፈም። የሊቁ ስሕተት በሕግ ሲጠበቅ የገበሬው እውነት ጠባቂ አላገኘም።

ብሩስን በዚህ ብናመሰግነውም ሁልጊዜ እንዲህ ሰሚ አልነበረም። ከእርሱ በፊት በ17ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ሎቦ፥ ሞሮክ የምትባል ወፍ ሰውን እየጠራች ማር ወዳለበት ትመራለች ብሎ ጽፎ ነበር። በስሟ ውስጥ ማር የሚለው ቃል የተሰወረ ይመስላል። በ1777 ደግሞ ስዊድናዊው ስፓርማን ይህችኑ ነገር በደቡብ አፍሪካ አይቶ መሰከረ። ብሩስ ግን በሁለቱም ላይ ዘበተ፤ ቀፎ በየደጁ በተሰቀለበት፥ ማር በሞላበት አገር ማር የምትጠቍም ወፍ ምን ትረባለች የሚል ነበር ክርክሩ። በ1989 ከቦረና ማር ቈራጮች ጋራ በሰሜን ኬንያ የተደረገ ምርመራ ታተመ፤ ወፊቱ በእውነት እንደምትመራ፥ ሰዎቹም ከጩኸቷና ከአበራረሯ አቅጣጫውንና ርቀቱን እንደሚያውቁ በልክ አሳየ። ብሩስ ገበሬውን በሰማበት ቦታ ሊኔዎስን ረታ፤ ሳይሰማ በቀረበት ቦታ ራሱ ተረታ።

ከብሩስ በኋላ በመጣው መቶ ዓመት ሌላ ልማድ ተነሣ፤ ወፍን በሰው ስም መጥራት። ጣልያናዊው መስፍን ሩስፖሊ በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዞር ዝሆን ገደለው። ከዕቃው መካከል አንዲት ያማረች አረንጓዴ ወፍ ተገኘች፤ ከየት እንደ ተያዘች የሚናገር ጽሕፈት ግን አልነበረባትም። ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅ በ1896 መርምሮ በሟቹ ስም ጠራት። በዚያ ጫካ የሚኖሩ ሰዎች ምን ይሏት እንደ ነበረ የጠየቀ የለም፤ ጠያቂውም ሞቶ ነበር። በዚህ ዓይነት የተሰጠ ስም ስለ ወፊቱ አንዳች አይነግረንም፤ ስለ አንድ ሰው ዕድል ብቻ ይነግረናል። በኅዳር 2023 የአሜሪካ የወፍ ሊቃውንት ማኅበር፥ በሥልጣኑ ሥር ካሉት ወፎች በሰው ስም የተጠሩትን ሁሉ የእንግሊዝኛ ስማቸውን እለውጣለሁ፥ በመጀመሪያም ከ70 እስከ 80 የሚሆኑትን እጀምራለሁ ብሎ አስታወቀ። ብዙ ክርክርም ተነሣበት። የለመዱትን ስም መጣል ከባድ ነው የሚሉት እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ስም ከመልክ፥ ከድምፅ ወይም ከወራት ቢወጣ ለልጅ ማስተማር እንደሚቀል የሚክድ ያለ አይመስለንም።

ስለ ኢቢስ የቀረን ጥቂት ነው። ኩቪዬ አጥንቷን ከለካ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በ1850 ገደማ ሕያዋኑ ከግብፅ ጠፉ፤ ረግረጉ ሲታረስ መኖሪያቸው ቀረ። ዛሬ በዚያ አገር የሚያገኛት ሰው በድንጋይ ላይ ተቀርጻ ወይም በሙዚየም ተገንዛ ነው። በእኛ አገር ግን በሐይቆቻችን ዳርና በእርጥብ ሜዳዎች ትገኛለች፤ ብሩስ እንዳየ ሆና በጭቃው ውስጥ አፏን እየሰደደች ትለቅማለች።

ወደ አውሮፓም ሄዳለች። በፈረንሳይ አገር በብሪታኒ ክፍል ለጐብኚ ከሚያሳዩአቸው እንስሳት መካከል ያለ አጥር ተለቀው ይኖሩ የነበሩት ኢቢሶች ወጥተው በባሕሩ ዳር ተዋለዱ፤ ብዙ ሺሕም ሆኑ። የሌሎችን ወፎች እንቍላልና ጫጩት ይበላሉ ስለ ተባለ መንግሥት በጠመንጃ እንዲገደሉ አዘዘ። በ1805 ሳቪኚ መጽሐፍ የጻፈላት፥ ኩቪዬ ግንዘቷን በጥንቃቄ የፈታላት ወፍ በዚያው አገር ተባራሪ ሆነች። በ2016ም የአውሮፓ ኅብረት ወደ አገሩ እንዳይገቡ፥ እንዳይረቡ፥ እንዳይሸጡ የከለከላቸውን እንግዳ ፍጥረቶች በዝርዝር ሲያወጣ እርስዋን አገባት። እንደ ጥንቱ ዝርዝር ዳግመኛ ከተከለከሉት ጋራ ተቈጠረች፤ አሁን ግን የትኛዋ ወፍ እንደ ሆነች የሚጠራጠር የለም። በዝርዝሩ ላይ የተጻፈችበት ስም ትሬስኪዮርኒስ ኤቲዮፒኩስ ይላል። በአማርኛ ብንመልሰው ኢትዮጵያዊት የአምልኮ ወፍ ማለት ነው።